ያልተጠራው ዜሮ

ጀይሉ ሲጣራ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የሌላው ጩኸት ሹክሹክታ ይመስለዋል። አጋነንክ የሚለኝ ካለ የሰንበቴን የከብት ገበያ ይጠይቅ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ገበያ በድለላ የኖረ ሰው ነው። ከቆላ የወጣው አፋር ግመሉን ይዞ ወዲያ፣ ከደጋ የወረደው ገበሬ በሬውን ይዞ ወዲህ፣ መሀል ላይ ጀይሉ። በኦሮምኛ ይጀምረዋል፣ በአማርኛ ያሟሙቀዋል፣ በአፋርኛ ይጨርሰዋል። ፍየሏን በሁለት እጁ ከመሬት ብድግ አድርጎ «ይቺ ይህን ያህል ሥጋ ይወጣታል» ካለ አለ ነው። አርዶ ያየው ሁሉ የጀይሉ እጅ አይዋሽም ይል ነበር።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ከብቱ ሲያልቅ ገበያው ፈረሰ፣ የጀይሉም ድምፅ ሥራ ፈታ። ሚስቱ ዓዲላ አንድ ቀን ባዶውን ድስት እያየች «ጉሮሮህን ቀቅለን አንበላው ነገር» አለችው። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ረሀብ ቤት ሲገባ ቀልዱም ይመራል።

መጠለያው የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው፤ ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ዳር ካለው ሜዳ ላይ። ሲስተር ብሪታ የምትባል የስዊድን አገር ነርስ የተጎዱትን ሕፃናት በየሳምንቱ እየመዘነች ወተት ታድላለች። ሚዛኑ የቆመው ድንኳኑ በር ላይ ነው። መዝገቡ ደግሞ ውስጥ ነው፤ ከደሴ በመጣችው በጤና ረዳቷ በሶፍያ እጅ። በሁለቱ መካከል ሦስት መቶ እናትና ሦስት መቶ የሚያለቅስ ልጅ አለ። ሲስተር ብሪታ በሩ ላይ ሆና ሁለት ቀን በእንግሊዝኛ ቁጥር ስትጮህ ድምፅዋ ተዘጋና ጉሮሮ ያለው ሰው ፈልጉልኝ አለች። ከሚሴ ውስጥ ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ስም አልተነሳም። ክፍያው በየወሩ ስንዴና ዘይት ነበር፤ ዓዲላ በዚያች ስንዴ አራት ልጅ ታሳድራለች።

ሥልጠናው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ጀይሉ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይቷል፤ የምስክር ወረቀቱም ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሚዛኑ ሁለት ዘንግ አለው። ላይኛው ዘንግ ላይ የሚንሸራተተው ብረት ኪሎውን ያሳያል። ታችኛው ላይ ያለው ትንሹ ብረት ከኪሎው የተረፈውን ያሳያል፤ በዘንጉ ላይ 05፣ 10፣ 15፣ 20 እያለ እስከ 95 ድረስ ተጽፎበታል።

«መጀመሪያ ኪሎውን ጥራ፣ ቀጥለህ ነጥብ በል፣ ከዚያ የታችኛውን አንብብ» አለችው ሶፍያ።

«እንደ ብርና ሳንቲም ነው በይኛ፣ እቴ።»

«አዎ፣ እንደዚያው ያዘው» አለች እየሳቀች። ምን ታድርግ? ውጭ ያለው ሰልፍ ጥግ የለውም፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ እናቶቹ አስቸገሩ፤ እውነትም ነበራቸው። የልጅ ክብደት በሰው ፊት ሲለፈፍ ዓይን ይገባዋል። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው «ማሻአላህ ሳትል ቁጥር እንዳትጠራበት፣ ዋ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሰባት ነጥብ ሃምሳ፣ ማሻአላህ»፣ «ስድስት ነጥብ አሥራ አምስት፣ ማሻአላህ» ሆነ። ሲስተር ብሪታ እስከ ሦስተኛው ቀን ማሻአላህ ማለት ኪሎ ማለት መስሏት ነበር አሉ። ሶፍያ ስታስረዳት የሳቀችው ሳቅ እስከ ወጥ ቤቱ ተሰማ።

ቁጥሩንም ጀይሉ ለየእናቱ በየቋንቋዋ ይፈታላታል። ለአንዷ በኦሮምኛ «ቶርባፊ ሸንተማ» ይላታል፤ ሰባትና ሃምሳ ማለቱ ነው። እሷም ዞራ ለጎረቤቷ «ቶርባፊ ወለካ» ትላታለች፤ ሰባት ተኩል። የኛ ሰው እንዲህ ነው። ሰባት ከሩብ ያውቃል፣ ሰባት ተኩል ያውቃል፤ ከሩብ ያነሰ ትርፍ ካለ «ትንሽ ፈቀቅ ያለ» ብሎ ያልፈዋል። ለዘመናት ቁናውንም ጣሳውንም በዚህ ሲሰፍር ኖሮ ማንም አልተጎዳም።

ነገሩ የተበላሸው ትንሹ ብረት 05 ላይ የቆመ ቀን ነው። ጀይሉ የተጻፈውን አየ፤ ከፊት ዜሮ፣ ከኋላ አምስት። ዜሮ ለሱ ባዶ ነው። አፉ ድረስ መጣበትና መልሶ ዋጠው። በገበያ በሃያ ሁለት ዓመቱ በማንም ከብት ላይ ባዶ ጠርቶ አያውቅም፤ ሻጩ በዱላ ይመታዋል። በሰው ልጅ ላይማ፣ ያውም አጥንቱ በቀረ ሕፃን ላይ፣ እናቱ ቆማ እየሰማች፣ እንዴት ተደርጎ? «ስድስት ነጥብ አምስት፣ ማሻአላህ» አለና አለፈ። ደግነት መስሎት ነው። ሃምሳ ሲሆን ሃምሳ፣ አምስት ሲሆን አምስት ነው የምለው፣ ምን ያምታታል ብሎ አሰበ። ሶፍያ ደግሞ የተማረችው በትምህርት ቤት ነው። ነጥብ አምስት ሲባል ከሰማች ግማሽ ኪሎ ነው፤ 6.5 ብላ ጻፈች። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ነበሩ። በመካከላቸው የተቀመጠው ልጅ ነው እንጂ የከሰረው።

ረቢአ ከጨፋ ነው የመጣችው። ባሏ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል። ኡሚ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ዓመት ከመንፈቋ ሲሆን አንገቷ የጣት ያህል ቀጥኗል። ሶፍያ በኡሚ ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 7.40 ብላ ጽፋላታለች፤ ልጅቷ እዚያ ስትደርስ የወተት ካርዷ ይወሰድና የአሥራ አምስት ቀን ስንዴ ተሰጥቷት አገሯ ትገባለች። ቦታው ለሌላ ሕፃን ያስፈልጋል፣ ምን ይደረግ። ባለፈው ሳምንት ኡሚ 7.20 ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት ጀይሉ አንስቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት። ሲያነሳት እጁ አንድ ነገር ነገረው፤ ቀልላለች። ከባለፈው ማክሰኞ ቀልላለች። ግን እሱ አሁን የሚዛን ሰው ነው፣ የፍየል ደላላ አይደለም። ትልቁ ብረት ሰባት ላይ፣ ትንሹ 05 ላይ ቆመ።

«ሰባት ነጥብ አምስት፣ ማሻአላህ።»

ሶፍያ ጻፈች፤ ከቀዩ ቁጥር ጋር አስተያየችና የወተት ካርዱን ተቀበለቻት። ረቢአ ግር አላት። «ልጄ ሦስት ቀን ተቅማጥ ይዟት ነው የሰነበተችው፤ እንዴት ብላ ነው የከበደች?» አለች። ሶፍያ በለሰለሰ ቃል ሚዛኑን እመኚው አለቻት። ረቢአ ወደ ጀይሉ ተመለሰች።

«አያ ጀይሉ፣ አንተ አንስተሃታል። እጅህ ምን ይላል?»

«እኔ ብረቱ ያለውን ነው የምጠራው፣ እህቴ» አላት ዓይኗን ሳያይ።

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች «አላህ ሰጥቶሽ ሳለ አታማርሪ፣ አልሐምዱሊላህ በይ» ብለው ተቆጧት። አፈረች። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ልጇን አዝላ፣ ስንዴዋን ተሸክማ ሄደች።

ቅዳሜ ሶፍያ ትኩሳት ጣላት። ሲስተር ብሪታ ራሷ መዝገቡ ላይ ተቀመጠች፤ የአማርኛ ቁጥር ከጀይሉ ከራሱ ተምራለች። ረፋዱ ላይ አንድ ወንድ ልጅ ተመዘነና ጀይሉ «ስምንት ነጥብ አምስት፣ ማሻአላህ» አለ። ሲስተር ብሪታ ብዕሯን አቆመች። ልጁ ባለፈው ሳምንት ስምንት ድፍን ነበር። በሰባት ቀን ግማሽ ኪሎ? ተነሥታ በሩ ላይ መጣች፤ ልጁ ገና ከሚዛኑ አልወረደም። ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ኦታ ኮማ ኖል ፌም» አለች በአገሯ ቋንቋ፣ ለራሷ። ቀጥላ በአማርኛ በጣቷ እያሳየች፣ «ስምንት። ነጥብ። ዜሮ። አምስት» አለችው።

«ዜሮ የለም ማለት አይደል፣ ሲስተር? የሌለ ነገር ይጠራል?»

ሲስተር ብሪታ አልተቆጣችም። ልጁን ለእናቱ ሰጠችና ትንሹን ብረት 05 ላይ አቆመችው። ከዚያ በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ 50 ላይ ወሰደችው። መንገዱ ረጅም ነበር፤ የዘንጉ ግማሽ።

«አንተ እዚህ አየህ» አለች 05ን እየነካች። «ሶፍያ እዚህ ጻፈች» አለች 50ን እየነካች።

ጀይሉ ዓይኑን ከብረቱ ላይ አልነቀለም። እሷም አዘነችለትና ልታጽናናው ፈለገች መሰለኝ፣ ነገሩን በተሰባበረ አማርኛዋ አብራራችለት። በእሷ አገር ነጥቡን ኮማ ይሉታል፣ እንግሊዝ ፖይንት ይለዋል፣ የኩባ ሐኪሞችም ኮማ ነው የሚሉት። ሰልፉ ላይ የነበሩ አንድ ሸህም ዐረቡ ፋሲላ ይለዋል ብለው ጨመሩ። ስሙ ብዙ ነው። ዜሮውን ግን ዘሎ የሚያልፍ የለም፤ ሁሉም ቁጥር በቁጥር፣ አንድ ሳያስቀር ነው የሚጠራው። ጀይሉ ከዚህ ሁሉ የሰማው ግማሹን ነው። አንድ ስም ተነሥቶበታል፤ ኡሚ።

እዚህ ላይ ልብ በሉለት። የኡሚን ነገር የሚያውቅ ከሱ በቀር ማንም የለም። ከነገ ጀምሮ ዜሮውን እየጠራ ሥራውን ቢቀጥል ጠያቂ የለውም። ቢናገር ደግሞ የልጅ ወተት ያስነጠቀን ሰው ማን በሚዛን ላይ ያቆመዋል? ስንዴው ሊቀር ነው፤ ዓዲላና አራቱ ልጆች ፊቱ ላይ ተደረደሩበት። እውነት ለመናገር ጥቂት አመነታ። ማመንታቱን በኋላ ራሱ ነው የተናገረው፣ እኔ አልጨመርኩበትም።

«ሲስተር» አለ በመጨረሻ። «ማክሰኞ አንዲት ልጅ አባርሬአለሁ። ቀንሳ ነበር። ጨመረች ብዬ ጠራሁባት።»

የመጠለያው መኪና ዕቃ ልታመጣ ደሴ ወጥታለች፤ ከዋናው መንገድ ለመውጣት ደግሞ የእርዳታ ኮሚቴው የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ እሱም ሰኞ ካልሆነ አይገኝም። ጀይሉ ሰኞን ሊጠብቅ አልቻለም። ሲስተር ብሪታ ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ በጠርሙስ ሞልታ ሰጠችው። በማንኪያ፣ ቀስ እያልክ አለችው። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ጨፋ ወረደ።

የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ያ ማሽላ ሰው የሚውጥበት ሸለቆ የደረቀ አገዳውን ይዞ ቀርቷል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የረቢአን ቤት እየጠየቀ ሰባት ሰዓት ገደማ ደረሰ። በሩ ክፍት ነው። ረቢአ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ስንዴ በድንጋይ ታደቃለች፤ ኡሚ ቁርበት ላይ ተኝታለች፤ ዓይኗ ገርበብ ብሏል።

«አከም ጂርታ፣ ረቢአ?»

«አልሐምዱሊላህ። አከም ጂርታ፣ አያ ጀይሉ? ዓዲላ ደህና ናት? ልጆቹስ?» ሰላምታውን አላጎደለችም፤ አሟልታ ጠየቀች። ከዚያ ስንዴው ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ «ልትወስዱት ነው እንዴ?» አለች። «ብዙውን አልነካሁትም።»

ጀይሉ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። 

«ስንዴሽን አይደለም። ጥፋቴን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ማክሰኞ ኡሚ አልጨመረችም፤ ቀንሳ ነበር። ሰባት ነጥብ ዜሮ አምስት ነበረች፤ ከሰባት ኪሎ ትንሽ ፈቀቅ ያለች። እኔ ዜሮውን ዋጥኩት። ሶፍያ ሰባት ተኩል መስሏት ጻፈች።»

ረቢአ ድንጋዩን አስቀመጠች።

«ቀንሳለች አላልኩህም ነበር?»

«ብለሽኛል።»

«እጅህስ?»

ይህን እንዳትጠይቀው ሲጸልይ ነበር የመጣው።

«እጄም ነግሮኛል» አለ።

ረቢአ የኡሚን ግንባር ዳሰሰች። ጀይሉ «ባዶ ልጠራባት ፈርቼ ነው፣ ረቢአ። በልጅ ላይ ባዶ መጥራት ከበደኝ» አላት።

«እኔ ቤት ባዶ ያልሆነ ምን አለና ነው?» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ጎተራው ባዶ ነው። በረቱ ባዶ ነው። መደቡም ባዶ ነው፣ ሰውዬው ሄዷል። ጠርተኸው ቢሆን ልጄ ወተቷን ትጠጣ ነበር።»

ጀይሉ ጠርሙሱን አወጣ። ረቢአ ተቀብላው በማንኪያ አንድ ጠብታ ኡሚ ከንፈር ላይ አደረገች። ዋጠች። ሌላ ጨመረች። ያንንም ዋጠች። ከዚያ ረቢአ ለመነሣት ሞከረችና እጇን መሬት ላይ ደገፈች፤ አራት ቀን እሷም አልበላችም፣ ስንዴውን ለልጅቱ እያደቀቀች ነበር። «እኔ አልሸከማትም፤ አንተ ያዛት» አለችው።

ኡሚን በነጠላው አዝሎ፣ ረቢአን በክንዷ ይዞ፣ በየመቶ እርምጃው አንድ ማንኪያ እያጠጡ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጠለያው ደረሱ። ሲስተር ብሪታ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጧት ስድስት ነጥብ ስምንት ዜሮ ነበረች፤ ጀይሉ ሁሉንም ጠራው፣ ማንም እስከማይሰማው ድረስ ዝቅ ባለ ድምፅ። በቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ወተት ጀመሩላት። ያችን ሌሊት ረቢአ አልተኛችም፤ እሱም ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጦ አደረ። ጠዋት ኡሚ ቱቦውን ነቅላ አለቀሰች። ለማልቀስ አቅም ማግኘቷ እኮ ነው፤ ሲስተር ብሪታ ያን ለቅሶ ስትሰማ ፊቷ በራ። ቀትር ላይ ከኩባያ ጠጣች።

ሶፍያ ከነትኩሳቷ ተነሥታ፣ ጋቢ ተከናንባ መዝገቡን ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔም ነበርኩበት፣ አያ ጀይሉ፤ እንደ ሳንቲም ያዘው ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችው። ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነጥብ አምስት ተብሎ ያለ ዜሮ የተጻፈውን ሁሉ ለቀሙ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ። አሥራ ሰባቱ እስካሁን ወተት እየጠጡ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ካርዳቸው የተወሰደባቸው ሁለት ናቸው። አንዷ ኡሚ ናት። ሁለተኛው ሙሳ የሚባል ልጅ ነው፤ የዘምዘም ልጅ። ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ሲስተር ብሪታ ጀይሉን አላባረረችውም። ከሥራ ስለ ማስወጣት ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱም ለመጠየቅ ድፍረት አጣ። ዘምዘም የት እንደገባች ግን መዝገቡ አይናገርም።

«አውቃታለሁ» አለች ረቢአ ከድንኳኑ ውስጥ። ኡሚን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወተት እያጠጣች ነበር። «ጎን ለጎን ነው የተኛነው። ባቲ እህት አለቻት፣ ገበያው አፋፍ ላይ። ወደዚያ ነው የሄደችው።»

ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ የእህል መኪና ከደጅ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ከኮምቦልቻ ወዲያ ባቲ ሩቅ አይደለም። ጀይሉ ነጠላውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሦስት ሳምንት። ኡሚ በአራት ቀን የሆነችውን አይቷል።

«ረቢአ» አለ፤ «ልጁ ባይኖርስ? ሄጄ ምን ልላት ነው? ቁስሏን ልነካካ?»

ረቢአ ቀና አላለችም። የኡሚን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ያኔም ንገራት» አለች። «እኔ እኮ አራት ቀን ሙሉ ጡቴ ነው የጎዳት ስል ነበር። ሰው ከብዳለች ብሎ የሰጠኝን ልጅ እኔ ነኝ ያከሳኋት፣ የእኔ እጅ ነው የረገማት እያልኩ ነበር። አንተ እስክትመጣ ድረስ። ልጁ ቢኖር ለልጁ ስትል ንገራት፤ ባይኖር ለሷ ስትል ንገራት።»

መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። ጀይሉ ነጠላውን አንሥቶ ወጣና የመኪናው ጀርባ ላይ ተሳፈረ።